ገጠር ያለች እርጉዝ ዘመድ ካለቻችሁ ከምጡ በፊት ይሄን አዘጋጁ (ለድሬ ዙሪያ)

ስሙኝማ ድሬዎች፣ ቢዮ አዋሌ ወይ ዋሂል ወይ ጀልዴሳ በኩል ያረገዘች እህት ወይ የወንድም ሚስት ካለቻችሁ ይሄን ለሷ ብቻ ሳይሆን ለባልየውና ለአማቷም አንብቡላቸው፣ ምክንያቱም ሌሊት ምጥ ሲመጣ "እንሂድ" ብሎ የሚወስነው ብዙ ጊዜ እሷ አይደለችም። አዋላጅ ነርስ ነኝ። አንዴ ቤት ወልዳ የእንግዴ ልጁ አልወጣ ያላት እናት ሲነጋ በአይሱዙ አመጡልን፣ መኪና ፍለጋ ነው ሌሊቱ ያለቀው፣ ደም ያስፈልጋታል ሲባል ደግሞ ከመጡት ውስጥ የደም አይነቷን የሚያውቅ አልነበረም። ልጁ ተረፈ፣ እሷን አላተረፍናትም። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም በ2 ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል፣ ስለዚህ መኪና የሚፈለገው ያን ቀን አይደለም።

7ኛ ወር ሲገባ ቁጭ በሉና ጨርሱት። የአምቡላንሱንም የራሷንም ስልክ ከጤና ኤክስቴንሽኗ ውሰዱ፣ አምቡላንስ ሌላ ቦታ ሄዶ ሊሆን ስለሚችል መኪና ያለው የሰፈር ሰው 2 ያዙ፣ ኔትወርክ የሚይዘው የትኛው ጉብታ ላይ እንደሆነ ጭምር ቤተሰቡ ይወቅ። ባልየው ከሌለ ማን ይወስናል? አሁኑኑ ይባል። ደም የሚለግሱ 2 ጤነኛ ሰዎችም ይታወቁ። መንግስት ጤና ጣቢያ ክትትሉም ወሊዱም ነፃ ነው፣ ግን ለምግብና ለመመለሻ ትንሽ ብር ይቀመጥ።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ የምትወልድ ከሆነ አቦ አትጠብቁ! ደረቅ የነበረው ወንዝ በአንድ ሌሊት እንዴት እንደሚሞላ ደቻቱ በ1998 አሳይቶናል፣ መንገድ ከተቆረጠ አምቡላንስም አይገባም። ቀኗ 2 ሳምንት ሲቀረው የእናቶች ማቆያ ያለው ጤና ጣቢያ ሄዳ ትቀመጥ፣ ቤት ያሉትን ልጆች የሚይዝላት ሰው ካላገኛችሁላት ግን አትሄድም፣ እሱን ቀድማችሁ ፍቱላት።

ክትትል ከ12 ሳምንት በፊት ይጀመር፣ የዓለም ጤና ድርጅት እስከ ወሊድ 8 ጊዜ ነው የሚለው። ግፊት ትለካ፣ ሽንትና ደም ትመርመር። የአይረን ኪኒን ሰገራ ያጠቁራል፣ ብዙዎች እሱን አይተው ደንግጠው ያቆማሉ፣ አታቁሙ፣ ብቻ ከሻይ ጋር አትውሰዱት። ጫቱ ይቅርባት፣ የምግብ ፍላጎቷን ይዘጋዋል። ወባም አለ፣ በ2014 ድሬ ላይ የተነሳውን ታስታውሳላችሁ፣ ስቴፈንሲ የምትባለው ትንኝ የቤት ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ስለምትራባ በርሜልና ሮቶ ይከደን፣ እርጉዟ አጎበር ውስጥ ትተኛ።

ቀጠሮ ሳትጠብቁ የምትወስዷት ደም ከታያት፣ ከባድ ራስ ምታት ወይ የአይን ብዥታ ከመጣ፣ ፊትና እጇ ካበጠ፣ ካንቀጠቀጣት፣ ካተኮሳት፣ ሽርት ውሃ ፈሶ ምጥ ከዘገየ፣ ወይ የህፃኑ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ነው። ማንቀጥቀጡን ሌላ ነገር ብላችሁ ቤት እንዳታስቀሯት፣ ግፊት ነው ሊሆን የሚችለው፣ መድሃኒት አለው።

ህፃኑ እንደተወለደ ይደርቅና እናቱ ደረት ላይ ራቁቱን ይደረግ፣ ከላይ ይሸፈኑ። ድሬ ሙቀት ነው ብላችሁ አትዘናጉ፣ እርጥብ ህፃን ቶሎ ይበርደዋል፣ ገላውን ከ24 ሰዓት በፊት አትጠቡት። በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ፣ ያ ቢጫው እንገር የመጀመሪያ ክትባቱ ማለት ነው አትድፉት፣ ስኳር ውሃም ቅቤም አታቅምሱት። እትብቱ ላይ ቅቤ፣ አመድ፣ እበት ምንም አይደረግ። ጤና ጣቢያ ክሎርሄክሲዲን የሚባለውን መድሃኒት ከሰጣችሁ ለእትብት ብቻ ነው፣ አይን ውስጥ ከገባ ይጎዳል። ጡት እምቢ ካለ፣ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ (በደቂቃ 60ና ከዚያ በላይ)፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ከቀዘቀዘ ወይ ካተኮሰ፣ መዳፍና ውስጥ እግሩ ቢጫ ከሆነ፣ ያኔውኑ ይዛችሁት ሩጡ፣ መንገድ ላይም ደረቷ ላይ እንዳለ ይሂድ።

ባልየው ከብቶቹ ብሎ ቢቸኩልም ከወለደች በኋላ 24 ሰዓት ጤና ጣቢያ ትቆይ። ከዛ በ3ኛው ቀን፣ በ2ኛው ሳምንት ውስጥና በ6ኛው ሳምንት ትታይ፣ መንገዱ ከራቃት ኤክስቴንሽኗ ቤት እንድትመጣላት ደውሉላት፣ ስልኳን ቅድም ይዛችኋላ።