የጂፒኤስ ማረሚያ ጣቢያ ሲግናል ሲወርድ፦ ሪሲቨሩን ከመቀየራችሁ በፊት ኮኔክተሩን ፍቱ

የጂፒኤስ ማረሚያ ጣቢያ ማለት፣ ቦታው በተለካ አንቴና ሳተላይቶችን እየተከታተለ ለቀያሾች የልኬት እርማት የሚሰጥ ጣቢያ ነው። መብራቱን፣ ኔትወርኩንና የሪሲቨሩን ሴቲንግ አይታችኋል ብዬ ልነሳ።

ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ይሄ ነው። አናት ላይ ያለች ሳተላይት ወትሮ ከ45 እስከ 50 ዲሲቤል ኸርዝ (ሲግናሉ ከጫጫታው ምን ያህል እንደሚበልጥ መለኪያ) ታሳይ ነበር። አሁን የሁሉም ሳተላይቶች ንባብ በአንድ ላይ ወርዷል። ዝናብ ባደረ ማግስት ይብሳል፤ ቀትር ላይ ፀሐይ ሲመታው ይሻለዋል። ክረምቱ ሲገፋ መሻሉም ይቀራል።

ውሃ ገብቷል ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው አንቴናው ሥር ባለው ኮኔክተር ነው። አንቴናው ውስጥ ላለው የሲግናል ማጉያ የሚሄደው ቮልቴጅ በዚያው ኬብል ስለሚያልፍ፣ እርጥበት ሲያገኝ ብረቱ ቶሎ ይበላል። አንድ ጣቢያ ላይ ሪሲቨሩ ተቀየረ፤ ለውጥ የለም። አዲስ አንቴና ታዘዘ። ቴፑን ቀድጄ ኮኔክተሩን ስፈታው ውሃ ጠብ አለ። ኬብሉን ከውስጥ የሚከበው መረብ መሰል ሽቦ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። ርካሽ ኮኔክተር ነው፤ የጎማ ቀለበት እንኳን የለውም። ያን ያህል ውድ ሪሲቨር ገዝቶ ኮኔክተር ላይ መቆጠብ በጣም ያናድደኛል።

ኮኔክተሩን ብቻ ቀይሮ መሄድ አይሠራም። ውሃው በመረቡ ውስጥ ወደ ታች ይወርዳል። የሚያብረቀርቅ ሽቦ እስክታገኙ ኬብሉን ቁረጡ። ካጠረ ሙሉውን ቀይሩ፤ መሃል ላይ አትቀጥሉ። እርስ በርሱ የሚጣበቀውን የጎማ ቴፕ ከታች ወደ ላይ ጠቅልሉ፤ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ የላይኛው በታችኛው ላይ ይደረብ። በላዩ ፀሐይ የሚችል ቴፕ ድገሙ። ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊኮን በፍጹም አትቀቡ፤ አሲዱ መዳብ ይበላል።

ከመፍታታችሁ በፊት ሪሲቨሩን አጥፉ። አንቴናውን ደግሞ ከመቀመጫው አትንቀሉ፤ አታዙሩትም። ቦታው በጥንቃቄ የተለካ ነው። ትንሽ ከተነቃነቀ፣ ከጣቢያው እርማት የሚወስድ ቀያሽ ሁሉ ተሳስቶ ይለካል። እባካችሁ፣ ይህን ለረዳቶቻችሁም ንገሩ።

ሲግናሉ ድንገት ጭልጥ ብሎ ከጠፋ አንቴናው የሚስበውን ከረንት ለኩ። ዜሮ ከሆነ ወይ ኬብሉ ተበጥሷል፣ ወይ ማጉያው ሞቷል፣ ወይ ዲሲ (ማጉያው የሚሠራበትን ከረንት) የማያሳልፍ የመብረቅ መከላከያ ተገጥሟል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ብልሽት ያልሆነ ነገር አለ። አገራችን ለማግኔታዊው ምድር ወገብ ቅርብ ናት። በተለይ በመስከረምና በመጋቢት ሰሞን፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አዮኖስፌር (የሳተላይት ሲግናል የሚያልፍበት የከባቢ አየር የላይኛው ክፍል) ይታወካል፤ የአንዳንድ ሳተላይቶች ንባብም ከፍ ዝቅ ይላል። ምሽት ላይ ብቻ፣ አንዳንዶቹን ብቻ ከሆነ ኬብላችሁን አትቁረጡ።