ጉጉትን በገጠር ሲከታተሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጉጉትን ለመከታተል ወደ ገጠር የሚወጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ገና ከመነሻው፣ ዋናው ሥራ ወፏን ማየት ነው ብሎ ሲያስብ ነው። ክትትል ግን ጉጉቷ ሰው እንዳልመጣ ሆና ሌሊቷን ስታሳልፍ የሰማነውንና ያየነውን፣ ሳንሰማ የቀረንበትንም ምሽት ጭምር፣ በአንድ ዓይነት ሥርዓት ደጋግሞ መመዝገብ ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም ይህን ከመዘንጋት የሚመጡ ናቸው።

ከሁሉም የከፋው ጉጉቷ ቀን በምትውልበት ዛፍ ሥር መግባት ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና መሥሪያ ቤት በሚገኝበት በዲንሾ፣ ጥድና ኮሶ በተቀላቀሉበት ጫካ ውስጥ፣ ጆሮ የሚመስሉ ረጃጅም ላባዎች ያሏት የሐበሻ ጉጉትና ራሷ ክብ፣ ዓይኗም ጥቁር የሆነው የአፍሪካ የጫካ ጉጉት ቀኑን ቅርንጫፍ ላይ ተጠግተው ያሳልፋሉ፤ የአካባቢው አስጎብኚዎችም የመዋያ ዛፎቻቸውን ለይተው ያውቃሉ። ጎብኚው ወፏ ስላልበረረች ብቻ አልተረበሸችም ብሎ ይደመድማል። ነገር ግን ባለ ጆሮ ላባ ጉጉቶች ሲሠጉ ሰውነታቸውን አቅጥነው ያረዝማሉ፣ ላባዎቹን ቀጥ አድርገው ያቆማሉ፣ ዓይናቸውንም ጨፈን አድርገው በጠባብ ስንጥቅ ያያሉ፤ ይህን የሚያደርጉት የደረቀ ጉቶ ለመምሰል ነው። ይህን አቋም ያየ ሰው ለፎቶግራፍ አንድ እርምጃ ከመጨመር ይልቅ በመጣበት መንገድ ቀስ ብሎ ሊመለስ ይገባል። በቀን ከመዋያዋ የተነሣች ጉጉት ቁራውም ትንንሹም ወፍ እየተንጫጩ ያዋክቧታል፣ ለትልልቅ አዳኝ አሞሮችም ትጋለጣለች፤ ለማታ አደን ልታስቀምጠው የሚገባትን ጉልበትም በከንቱ ትጨርሳለች።

ይኸው የትንንሽ ወፎች ጫጫታ ግን ለተመልካቹ ጥሩ ምልክት ነው። በአንድ ዛፍ ዙሪያ ተሰብስበው ሲንጫጩ ከሰሙ፣ ግንዱ ነጭ ኩስ የወረደበት ከሆነና ከሥሩም ጉጉት የምትተፋው ግራጫ የጸጉርና የአጥንት ድቡልቡል ከተገኘ፣ ሳይቀርቡ በባይኖኩላር ከርቀት መፈለግ ይበቃል።

ኃይለኛ የእጅ ባትሪ ማብራትና በካሜራ ፍላሽ ማንሣት ሁለተኛው ጥፋት ነው። የጉጉት ዓይን ለደካማ ብርሃን የተሠራ ከመሆኑም በላይ በጎድጓዱ ውስጥ ወዲያና ወዲህ አይዞርም፤ ለዚህም ነው አንገቷን እስከ 270 ዲግሪ ድረስ የምታዞረው። ፊት ለፊት የበራባት ጉጉት ለጊዜው በደንብ ማየት ሊሳናት ይችላል፤ እየበረረች ከሆነ ደግሞ አደጋው የባሰ ነው። ባትሪውን በቀይ ፕላስቲክ ሸፍኖ ወደ መሬት ማብራት ለመንገድም ለማስታወሻም በቂ ነው። ድምፅንም ቢሆን አቅልሎ ማየት አይገባም። ልብ የሚመስል ነጭ ፊት ያላት ጉጉት ሁለቱ የጆሮዎቿ ቀዳዳዎች ከፍታቸው እኩል ስላልሆነ በድቅድቅ ጨለማ አይጥን በኮሽታዋ ብቻ አነጣጥራ ትይዛለች። እንዲህ ያለች ወፍ ባለችበት የሚንሿሿ የናይለን ጃኬት ለብሶ መሄድ ራስን ከሩቅ ማሳወቅ ነው።

የጉጉት ድምፅን ከሞባይል በስፒከር አጫውቶ ወፏን መጥራት በቅርቡ በጣም የተለመደ ሆኗል፤ እኔ በዚህ ላይ ጠበቅ ያለ አቋም አለኝ። የግዛቱ ባለቤት ተቀናቃኝ የገባበት መስሎት አደኑን ይተዋል፣ እንቁላል የታቀፈችውም ከጎጆዋ ልትነሣ ትችላለች። ትልልቅ ጉጉቶች ትንንሾቹን ስለሚበሉም የትልቋን ድምፅ ማሰማት ሌሎቹን ሁሉ ጸጥ ሊያሰኝ ይችላል። መዝገቡም አብሮ ይበላሻል፤ አንድ ምሽት በጥሪ፣ ሌላ ምሽት በዝምታ የተቆጠረው አይነጻጸርምና።

ሁሉም ጉጉት «ሁ፣ ሁ» ይላል ብሎ መጠበቅም ያሳስታል። ነጭ ፊት ያላት ጉጉት የምታሰማው ሻካራ ጩኸት ነው። በስምጥ ሸለቆ ግራር ውስጥ የምትኖረው ትንሿ ስኮፕስ ጉጉት በየጥቂት ሰከንዱ አንዲት አጭር ድምፅ ብቻ ትደጋግማለች፤ ዕንቁ የመሰሉ ነጠብጣቦች ያሏት ድንክ ጉጉት ደግሞ በቀን ጭምር እያፏጨች ትሰማለች።

በእኛ አገር ልዩ ጥንቃቄ የሚሻው የሰዓትና የቀን አጻጻፍ ነው። «1፡30» ብሎ የጻፈ ሰው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ማለቱ ሲሆን፣ በውጭ አቆጣጠር የሚያነበው ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ አድርጎ ይወስደዋል፤ የስድስት ሰዓት ስህተት ተፈጠረ ማለት ነው። ስለዚህ የትኛውን አቆጣጠር እንደተከተልን በየገጹ ራስጌ መጻፍ፣ ዓመተ ምሕረቱንም እንዲሁ መለየት ያስፈልጋል። ሌሊቱ ሁለት ቀን ስለሚያያይዝ ደግሞ ገበሬው «ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ» የሚለውን አነጋገር ብንጠቀምበት ከሁሉም የጠራ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ምንም ያልተሰማበትን ምሽት አለመመዝገብ ግን ከዚህም የሚብስ ጉድለት ነው። ፀሐይ ከገባች ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተነሥቶ፣ በዚያው መንገድ በዚያው የመቆሚያ ቦታ፣ ለምሳሌ አሥር አሥር ደቂቃ ያዳመጠ ሰው «ምንም አልሰማሁም» ብሎ ከነነፋሱ፣ ከነዝናቡና ከነጨረቃው መጻፍ አለበት፤ አለዚያ የጉጉቶቹ ቁጥር መቀነሱንና የእኛ መስነፍ የፈጠረውን ክፍተት ወደፊት ማንም ሊለያቸው አይችልም። ወንዱና ሴቷ እየተቀባበሉ ስለሚጮኹ፣ አንዷም ወፍ ከሁለት መቆሚያ ልትሰማ ስለምትችል፣ የድምፁን አቅጣጫና ደቂቃ አብሮ መያዝ ድርብ ቆጠራን ይከላከላል።

ጉጉቷ የምትተፋው ድቡልቡል የአይጦችን የራስ ቅል ሳይቀር ስለሚይዝ ምን እንደበላች ይነግረናል፤ በባሌ ተራሮች፣ አይጥ በሞላበት በሳነቴ አምባ፣ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከገደል ሥር የሚገኘው ይህ ቅሪት ብዙ ያስተምራል። ሆኖም ጫጩት ባለበት ወቅት ለመልቀም መመላለስ አይገባም። መብረር ሳይችል ቅርንጫፍ ላይ ወጥቶ የተገኘ ጫጩትም የጠፋ መስሎ ወደ ቤት ይወሰዳል፤ የብዙዎቹ ጉጉቶች ልጆች በተፈጥሯቸው ከጎጆ የሚወጡት ከመብረራቸው በፊት ነው፣ ወላጆቹም በአቅራቢያው ሆነው ይመግቡታል።

የመጨረሻው ስህተት የመንደሩን ሰው ማለፍ ነው። በሌሊት ባትሪ ይዞ በሰው ማሳ ዳር የሚቆም እንግዳ ሌባ ቢመስል አይፈረድበትም፤ ቀበሌውንና የአካባቢውን ሽማግሌዎች አስቀድሞ ማነጋገር፣ ብቻንም አለመሄድ ይገባል። የጉጉት ጩኸት ሞት ያመጣል የሚል እምነት በብዙ አካባቢ ስላለ በድንጋይ የሚያባርሯት አሉ። በእምነቱ ላይ ከመሳለቅ ይልቅ ከድቡልቡሉ የወጣውን የአይጥ አጥንት ለገበሬው በእጁ ማስያዝ፣ ጎተራው ውስጥ የሚገባውን አይጥና አይጠመጎጥ የምታድነው እሷ መሆኗን ማሳየት ይሻላል። ያኔ የአይጥ መርዝ ነገርም በቀላሉ ይነሣል፤ መርዝ በልታ የደከመች አይጥ በቀላሉ ስለምትያዝ መርዙ ወደ ጉጉቷ ይተላለፋል። ቁስል የማይታይባት ሬሳ ሲገኝ በባዶ እጅ ሳይነኩ ቦታውንና ቀኑን መመዝገብ፣ በዚያ ሰሞንም በአካባቢው ጎተራዎች ምን እንደተረጨ ወይም እንደተቀመጠ ባለቤቶቹን በአክብሮት መጠየቅ ያስፈልጋል።