ገጠር ላይ የቆመ ሞተር፦ ከጭቃ አውጥቶ እስከ ጋራዥ ማድረስ

ክረምት ላይ ከባሕር ዳር በሞተር ሳይክል የሚወጣ ሰው ሁለት ዓይነት አፈር ይጠብቀዋል። በሐሙሲትና በወረታ በኩል፣ ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ጥቁሩ ዋልካ አለ። ሲረጥብ ጎማውና ፓራፋንጎው (የጭቃ መከላከያው) መሃል ይጠቀጠቅና ጎማውን ቀጥ ያደርገዋል። በመራዊና በአዴት በኩል ደግሞ ቀዩ አፈር ነው። እሱ እንደ ዋልካው አይዝም፤ ያንሸራትታል። ሞተራችሁ ከአስፋልት ርቆ እምቢ ካለ፣ ምን እንደተበላሸ ብቻ ሳይሆን የቆማችሁበት አፈርም ሥራችሁን ይወስነዋል።

ገመድ ከመፈለጋችሁ በፊት ግን ትንሽ ታገሡ። መጎተት አድካሚም አደገኛም ነው፤ ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። መጀመሪያ የቤንዚን መክፈቻውን ወደ ሪዘርቭ አዙሩት። መሪው ላይ በቀኝ እጅ በኩል ያለችውን ማጥፊያ እዩ፤ ሞተር ጭቃ ላይ ሲወድቅ እሷ ትነካለች፣ ከዚያ ሰው ሁሉ ዙሪያውን ቆሞ ብልሽት ይፈልጋል። የካንዴላው (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው) ኮፍያ ወልቆ እንደሆነም ጫን አድርጉት። የፍሪሲዮን (የክላች) ገመድ ከተበጠሰ መጎተት አያስፈልግም። ሞተሩን ዜሮ ላይ አስነሡ፣ እየሮጣችሁ ግፉት፣ ዘላችሁ ውጡና አንደኛ ማርሽ አስገቡ። ቀጣዩን ማርሽ ስትቀይሩ የነዳጅ መስጫውን ለቀቅ ማድረግ ይበቃል። ከመቆማችሁ በፊት ግን ወደ ዜሮ መልሱት። ጎማ ከተነፈሰና ጎሚስታ ሩቅ ከሆነ፣ በጎማው ውስጥ ሣር ጠቅጥቆ ቀስ እያሉ መንዳት የታወቀ ዘዴ ነው። አያምርም፣ ግን ያደርሳል።

አንድ ነገር ላይ ጠንቀቅ በሉ። ጉማራና ርብ ክረምት ላይ ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፣ የሩዝ ማሳውና መንገዱ አንድ ይሆናል። ሞተሩ ውሃ ውስጥ ከጠፋ ሞተሪኖውን (በባትሪ የሚሠራውን ማስነሻ) አትንኩ! ውሃ እንደ አየር አይታመቅም። ሲሊንደር ውስጥ ውሃ እያለ ኢንጂኑን በኃይል ብታዞሩት የፒስተኑ ክንድ ሊጣመም ይችላል፤ ያኔ ቀላል የነበረው ጥገና ኪስ የሚያራግፍ ይሆናል። ቤንዚኑን ዝጉ፣ ካንዴላውን ፍቱ፣ የማስነሻውን ፔዳል ቀስ እያላችሁ ደጋግማችሁ ርገጡ። ውሃው በካንዴላው ቀዳዳ ይወጣል። ቀጥሎ የዘይቱን ክዳን ከፍታችሁ እዩ። ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታልና ለማስነሳት አትሞክሩ። ይህ ሞተር መጎተት አለበት።

ከጭቃው ማውጣት

ኢንጂኑ የሚሠራ ቢሆን እንኳ ጎማውን ማሽከርከር ጉድጓዱን ማስፋት ብቻ ነው። በእንጨት ፓራፋንጎው ስር ያለውን ዋልካ ፈልቅቃችሁ አውጡ። የፊት ፓራፋንጎው የሚፈታ ከሆነ ፍቱት፤ ብዙ ድካም ይቀንሳል። ጎማው በጥልቅ ከተቀበረ ሞተሩን ቀና አድርጎ ለመሳብ አትታገሉ፤ ከ100 ኪሎ በላይ ነውና ወገብ ይቀጫል። ቤንዚኑን ዘግታችሁ በጎኑ አስተኙት፤ ጎማዎቹ በራሳቸው ከጉድጓዱ ይወጣሉ። ጉድጓዱን በድንጋይና በቅርንጫፍ ሙሉ፣ ከዚያ አንሥታችሁ ወደ ጠንካራው መሬት ግፉት። አንዱ ከኋላ ሲገፋ ሌላው የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ በያዙት ብረቶች ታችኛ ክፍል ላይ ገመድ አስሮ ይሳብ። መሪው ላይ ታስሮ ከተሳበ ግን ሞተሩ ይጠመዘዝና ይወድቃል።

ገመዱ

ጠፍጣፋ የጭነት ማሰሪያ ካላችሁ እሱን ያህል የለም። ቀጭን ናይለን ይለጠጥና ድንገት ይነጥራል። ርዝመቱ አራት ወይም አምስት ሜትር ይሁን። ካጠረ ለፍሬን ጊዜ አይሰጥም፣ ከረዘመ ረግቦ ጎማ ውስጥ ይገባል።

የጎታቹ ሞተር ላይ ገመዱ የሚታሰረው በግራ በኩል ካለው የኋላ ተሳፋሪ እግር ማሳረፊያ ላይ ነው። በአብዛኛው ሞተር ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) በቀኝ ስለሆነ፣ በዚያ በኩል ከታሰረ ግለቱ ያቀልጠዋል። የዕቃ መጫኛው ብረት ላይም አትሰሩ፤ ቀጭን ነው፣ ይገነጠላል።

የሚጎተተው ሞተር ላይ ግን ፈጽሞ ቋጠሮ የለም። ገመዱን የነጂው ግራ እግር ማሳረፊያ ላይ አንድ ጊዜ ጠምጥሙ፣ ጫፉን በጫማችሁ ርገጡ። ግራ የሆነው ቀኝ እግር ለኋላ ፍሬን ስለሚያስፈልግ ነው። የፊተኛው ቢወድቅ ወይም ላም መንገድ ብታቋርጥ እግር ማንሳት ብቻ ይበቃል፤ ገመዱ ይፈታል። ሰው የሚጎዳው ገመዱን አጥብቆ ቋጥሮ ሲሄድ ነው።

ጉዞው

ብዙ ሰው ጎበዙን ሹፌር ፊት ያደርጋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ጎበዙ ከኋላ ይሁን። የፊተኛው የሚጠበቅበት ቀስ ብሎና ሳይነጥር መሄድ ነው። ገመዱን ወጥሮ የሚይዘው፣ ፍሬን የሚይዘው፣ አደጋ ሲመጣ ገመድ የሚለቀው የኋለኛው ነው። ያውም ወደ ግራ እየተሳበ ሚዛኑን በመሪና በሰውነቱ እያስተካከለ።

ከመነሳታችሁ በፊት የእጅ ምልክት ተስማሙ፤ መጮህ አይሰማም። ጎታቹ በአንደኛ ማርሽ ገመዱ እስኪወጠር ይሳብ፣ ከዚያ ይነሳ። ኮረኮንች ላይ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር አትለፉ። ኩርባ ላይ ሰፋ አድርጎ መዞር፣ ፍሬን ከመያዝ ይልቅ ነዳጅ መቀነስ። ቁልቁለት ላይ ገመዱን ልቀቁና የኋለኛው በራሱ ፍሬን ይውረድ። ዳገቱ ጭቃ ከሆነ ደግሞ ወርዶ መግፋት ነው፣ ሌላ መላ የለውም። ማርሹ ተቆልፎ የኋላ ጎማው አልዞርም ካለ የካቴናውን (የሰንሰለቱን) መጋጠሚያ በፒንሳ ፍቱና ካቴናውን አውልቁት።

በእግር ከኋላ መግፋትስ? ከተማ ውስጥ ልጆቹ ሲያደርጉት አይታችኋል። ሜዳ አስፋልት ላይ ያስኬዳል፣ ኮረኮንች ላይ ግን ሁለታችሁንም ይጥላል።

የፈረስ ጋሪ ወይም ፒክአፕ ካገኛችሁ ገመዱን ተዉት። ዋጋውን ሳትጭኑ ተነጋገሩ። ሞተሩ ቆሞ ከአራት አቅጣጫ ይታሰር፤ ተኝቶ ከሄደ ቤንዚኑም የባትሪው አሲድም ይፈሳል። ዘጌ ላይ ከቆማችሁ በቡናው ጫካ መሃል ከመጎተት ወደ ባሕር ዳር የሚመለስ የሞተር ጀልባ መጠየቅ ይሻላል። ታንኳ ግን ለዚህ አልተሠራችም።

ሰዓቱንም አስቡ። በሐይቁ ዳርና ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ሲመሽ ሣር ሊግጥ ይወጣል። በእሱና በውሃው መሃል መቆም አያዋጣም። ከመሸ ሞተሩን ለቅርብ መንደር ሰው አደራ ሰጥታችሁ ጠዋት ተመለሱ። የማታ እንቅስቃሴ ክልከላ ካለም ይኸው ነው።

ከወረታ በኩል የምትመጡ ከሆነ ገመዱን ዘንዘልማ ላይ ፍቱት። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው፤ ሰፊ ነው ተብሎ ግን በዚያ ትራፊክ መሃል ሞተር በገመድ አይጎተትም። የመጨረሻዋን መንገድ በመኪና ጫኑት። ጋራዥ ስትደርሱ ሜካኒኩ ሞተሪኖውን ከመንካቱ በፊት ውሃ ገብቶበት እንደነበር ንገሩት፤ ዘይቱን ሳይቀይር እንዳያስነሳው።