ማሲንቆና ድምፅ በአንድ ክፍል፦ ማይኩ የት ይቁም?

ስቱዲዮዬ ቱሉ ዲምቱ ያለች አንዲት የኮንዶሚኒየም መኝታ ክፍል ናት። ሊቀዳ የሚመጣ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀኝ የማይኩን ዋጋ ነው። ስለ ክፍሉ የሚጠይቅ የለም። ባዶ ግድግዳ ግን ያስተጋባል፤ ውድ ኮንደንሰር (ትንሿን ድምፅ ሁሉ የሚሰማ የማይክ ዓይነት) ደግሞ ማስተጋባቱን አንድም ሳያስቀር ለቅሞ ይቀዳዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ አጨብጭቡ። ድምፁ ቶሎ ካልጠፋ ወፍራም ነገር ስቀሉ። ከማይኩ ጀርባ ሳይሆን ከዘፋኙ ጀርባ፤ የማይኩ ፊት የዞረው ወደዚያ ነዋ! እኔ ጋቢ አጥፌ እሰቅላለሁ። የእንቁላል ትሪ የሚለጥፉ አሉ፤ ለፎቶ ያምራል፣ ለድምፅ ግን ጠብ የሚል ነገር የለውም።

ከአፍ እስከ ማይክ አንድ ስንዝር ይበቃል። ሲጠጉት ቤዙ ይወፍራል፤ ለለስላሳ ዘፈን ያምራል፣ ለሌላው ያፍናል። ፖፕ ፊልተሩን፣ ማለትም ትንፋሽ የሚያበርደውን ወንፊት፣ መሃል ላይ አድርጉ፤ ማይኩንም ከአፍ ትይዩ ትንሽ ገለል አድርጉት። «ፍቅር» የማይባልበት ዘፈን የት አለና! ያቺ «ፍ» ማይኩን በትንፋሽ ትመታዋለች። ጌይኑን (ማይኩ የሚቀዳበትን የድምፅ መጠን) በአዝማቹ ለኩ፤ ዘፋኙ ሲሞቀው መለኪያው ላይ ከ-10 ዲሲቤል ብዙ እንዳያልፍ። ኮንደንሰር ከሆነ ለማይኩ ኃይል የሚሰጠውን 48 ቮልት ማብራት አትርሱ።

አሁን ማሲንቆው። ብዙ ሰው ማይኩን ደጋኑ ጭራውን በሚፈገፍግበት ቦታ ላይ ያነጣጥራል። የሚገኘው ፍግፍጋው ብቻ ነው። ዝቅ አድርጉት፣ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቁትና ወደ ቆዳው አዙሩት። ሆዱ የሚናገረው እዚያ ነው።

አዝማሪው እየመታ የሚዘፍን ከሆነ ሁለት ማይክ ያስፈልጋል። ካርዲዮይድ ማይክ ከጀርባው የሚመጣውን ብዙም አይሰማም። ስለዚህ የድምፁ ማይክ ጀርባውን ለማሲንቆው፣ የማሲንቆው ማይክ ጀርባውን ለአፍ ይስጥ። ከዚያ ሁለቱን በሞኖ፣ ማለትም ወደ አንድ ቻናል ደባልቃችሁ፣ ስሙ። ማሲንቆው ከሳሳ ሁለቱ ማይኮች እየተጣሉ፣ አንዱ የሌላውን ድምፅ እያጠፋ ነው፤ አንዱን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ፈቀቅ አድርጉና እንደገና ስሙ። እኔ ከሁሉም በላይ ጊዜ የማጠፋው እዚህ ላይ ነው።

ከአዳማው ፈጣን መንገድ የሚመጣውን የከባድ መኪና ጉርምርምታ 80 ኸርዝ ላይ ሎው ከት (ከዚያ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ የሚቆርጠው ማጣሪያ) ያቀለዋል። ሐምሌ ላይ ዝናቡ የሰፈሩን ቆርቆሮ ሲደበድብ ግን ኮንደንሰሩን አስቀምጡና እንደ ኤስኤም58 ያለ ዳይናሚክ (የሩቁን ድምፅ እንደ ኮንደንሰር የማይለቅም ማይክ) አንሱ፤ ወደ አፍ አስጠግታችሁ ቅዱ። ማሲንቆው እስኪያባራ ይቆይ።