ኤክስፒ ላይ ቨርቹዋል ሚሞሪ እንዴት እንደማስተካክል

ሱቄ ውስጥ ማመልከቻና ውል የምጽፍበት ኮምፒውተር ዛሬም ዊንዶውስ ኤክስፒ ነው፤ የድሮው ስካነሬ ከሌላ ጋር አልግባባ ስላለኝ አልቀየርኩትም። ራሙ (የተከፈቱ ፕሮግራሞችን ለጊዜው የሚይዝበት ፈጣን ሚሞሪ) 512 ሜጋባይት ብቻ ነው። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ ፎቶ ስከፍት፣ ከታች በቀኝ በኩል ቨርቹዋል ሚሞሪ አንሷል የሚል መልእክት ብቅ ይልና ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል።

ራም ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ሃርድ ዲስክ ላይ ፔጅ ፋይል በሚባል የተደበቀ ፋይል ያስቀምጣል፤ ቨርቹዋል ሚሞሪ ብለን የምናስተካክለውም ይህንን ፋይል ነው። እሱ ሲጠበው በሥራ መሃል ሊያሰፋው ይታገላል።

ማይ ኮምፒውተር ላይ ራይት ክሊክ አድርጉና ፕሮፐርቲስ ግቡ። አድቫንስድ፣ ፐርፎርማንስ ሥር ሴቲንግስ፣ እንደገና አድቫንስድ፣ ከዚያ ቼንጅ። ካስተም ሳይዝን ምረጡ። እኔ በሁለቱም ሳጥን፣ በመነሻውም (ኢኒሻል ሳይዝ) በከፍተኛውም (ማክሲመም ሳይዝ)፣ 1536 ሜጋባይት ጻፍኩ፤ የራሜ ሦስት እጥፍ መሆኑ ነው። እኩል ያደረግኳቸው ፋይሉ አንዴ እየሰፋ አንዴ እየጠበበ ዲስኩ ላይ እንዳይበታተን ብዬ ነው። ኦኬ ከማለታችሁ በፊት ግን «ሴት» (Set) የሚለውን በተን ተጫኑ! እሱን ከዘለላችሁ የጻፋችሁት ቁጥር አይያዝም። ከዚያ ሪስታርት።

አደራ፣ ፔጅ ፋይሉን ጭራሽ አታጥፉት፤ ራም ሲያልቅ ፕሮግራሞች ይዘጉባችኋል፣ ያላስቀመጣችሁት ጽሑፍም ይጠፋል።

ገንዘብ ካገኛችሁ ራም ጨምሩ፤ ዲስክ የራምን ፍጥነት አይደርስበትም። 32 ቢቱ ኤክስፒ ከ4 ጊጋባይት በላይ አይጠቀምም። ማይክሮሶፍት በ2014 እ.ኤ.አ. ለኤክስፒ የሚሰጠውን ድጋፍና የደህንነት ማሻሻያ ስላቆመ፣ የኔን ከኢንተርኔት ነቅዬዋለሁ።