ጨጓራችሁን በቀዶ ጥገና ካሳነሳችሁ፣ እንጀራው ይቆይ

ውፍረት ለመቀነስ ቀዶ ጥገና ላደረጋችሁ አንዲት ነገር ልበል። በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ሚዛኑ ቀጥ ብሎ ቢቆም አትደንግጡ። የተለመደ ነው። መጀመሪያ ላይ ቶሎ ከሚወርደው ኪሎ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ስቡ የሚሄደው ቀስ እያለ ነው። በየቀኑ ሚዛን ላይ መውጣት ትርፉ ንዴት ስለሆነ በሳምንት አንዴ ይበቃል።

ዋናው ጣጣ አበላሉ ላይ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ጉርሻ አለ! «በሞቴ» ሲባል እምቢ ማለት ይከብዳል። ግን የተቀነሰች ጨጓራ ትልቅ ጉርሻ አትችልም። ደረት ላይ ይቀረቀራል፣ አፍ ምራቅ ይሞላል፣ ከዚያ ማስመለስ ነው። እንጀራና ለስላሳ ዳቦ ደግሞ ተድቦልቡለው ያስቸግራሉ። ስለዚህ ሐኪማችሁ ጠጣር ምግብ እስኪፈቅድ እንቁላል፣ እርጎ፣ አይብ፣ ቀጠን ያለ ሽሮ ይሻላል። ፕሮቲኑን አስቀድሙ፤ ብዙ ጊዜ የሚመከረው በቀን ቢያንስ 60 ግራም ነው። በሻይ ማንኪያ ብሉ፣ እስኪልም አላምጡ፣ በመሃል ማንኪያውን አስቀምጡት። ውሃ ከምግብ ጋር አይጠጣም። ከበላችሁ 30 ደቂቃ ቆይታችሁ ፉት ፉት በሉ።

ምንም ሳትበሉ ኪሎው አልንቀሳቀስ ካለ መጠጡን ጠርጥሩ። ስኳር የበዛበት ሻይና ጁስ ያለ ችግር ይወርዳሉ፤ ጉዳታቸውም እዚያው ላይ ነው።

ውሃ እንኳ አልረጋ ካለ ግን ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂዱ። ማስመለሱ ካልቆመ የቫይታሚን ቢ1 እጥረት ሊያመጣ ይችላል፣ እሱም ነርቭ ይጎዳል።