ውጭ አገር በበጎ ፈቃድ ማገልገል፦ ከየት ይጀመራል?

አስቀድመን እንግባባ። ሐሳባችሁ ሄዶ መቅረት ከሆነ ይህ ጽሑፍ አይጠቅማችሁም። ለጥቂት ወራት ወይም ለአንድ ዓመት አገልግላችሁ ለመመለስ ከሆነ ግን ቀጥሉ።

1. የምትችሉትን ለይታችሁ ጻፉ። ናይሮቢ ላለ አንድ ትንሽ የሴቶች ማኅበር መጀመሪያ የጻፍኩት «ማንኛውንም ሥራ እሠራለሁ» ብዬ ነበር። ዝም አሉኝ። ከወር በኋላ «የቁጠባ ማኅበር ሒሳብ ሁለት ዓመት ይዣለሁ፤ ኤክሴል ማስተማር እችላለሁ» ብዬ ደግሜ ጻፍኩ። በማግስቱ በዋትስአፕ ደወሉ።

2. በር ፈልጉ። የአፍሪካ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመረው የወጣት በጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም አለ። ከ18 እስከ 35 ዓመት ያሉትን ለ12 ወራት ወደ ሌላ አባል አገር ይልካል፤ ጉዞውንና የኪስ ገንዘቡንም ይሸፍናል። ለተባበሩት መንግሥታት የበጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም ማመልከትም በነፃ ነው። ትንንሾቹን የሰፈር ማኅበራት ግን ራሳችሁ ናችሁ የምትፈልጓቸው።

3. ማኅበሩን መርምሩ። ትልቁ ሥራ እዚህ ላይ ነው። የአካባቢ ጥበቃ ታጋይዋ ዋንጋሪ ማታይ እ.ኤ.አ. በ1977 ኬንያ ውስጥ ዛፍ ማስተከል ስትጀምር፣ የደን ባለሙያዎች ለገጠር ሴቶቹ ያስተማሩት ነገር በጣም የተወሳሰበ ነበር። ሴቶቹ ትተውት በራሳቸው ዘዴ፣ ባገኙት ዕቃ ሁሉ ችግኝ አፈሉ። ለጸደቀላቸው ችግኝም ትንሽ ገንዘብ ያገኙ ነበር። ስለዚህ ሥራውን የሚወስነው የአገሬው ሰው ነው ወይስ እንግዳው? «ከእኔ በፊት ይህን ማን ይሠራ ነበር? ስሄድስ ማን ይረከበኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ከተድበሰበሰ ተዉት።

የሕፃናት ማሳደጊያ ለጥቂት ሳምንት «ልጆች አጫውቱ» ካላችሁ፣ እምቢ በሉ። ካምቦዲያ ውስጥ ከማሳደጊያ ልጆች አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት እንዳላቸው ታውቋል። ጎብኚ በመጣ ቁጥር ልጅ የሚሰበስብ ማሳደጊያ ይበዛል።

4. ገንዘብና ወረቀት። ትንሽ ማኅበር የምግብና የማደሪያ ቢጠይቅ ነውር የለውም፤ ዝርዝሩን በጽሑፍ ተቀበሉ። «ቦታ ላስይዝልህ» የሚል ደላላ ከመጣ ግን ዞር በሉ። ፓስፖርታችሁ ቢያንስ ስድስት ወር ይቅረው፤ የቢጫ ወባ ካርድም ያዙ። ኬንያ ለኢትዮጵያዊ ጎብኚ ቪዛ አትጠይቅም፤ ያለ ደመወዝም ቢሆን ለመሥራት ግን ፈቃድ ያስፈልጋል። ማኅበሩ እንዲያወጣላችሁ ከመሳፈራችሁ በፊት ጨርሱ።

5. ስትደርሱ አትቸኩሉ። እኔ የሄድኩባቸው የናይሮቢ ሴቶች «ቻማ» አላቸው፤ እቁብና ብድር ተቀላቅሎ በሉት። ገንዘቡ ያለው ሦስት ቁልፍ በተንጠለጠለበት የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ነው። ሦስቱ መክፈቻዎች በሦስት ሴቶች እጅ ናቸው፤ አንዷ ከቀረች አይከፈትም። ገንዘቡ ጮክ ተብሎ ይቆጠራል፣ ሁሉም ይሰማል። ሁለት ሳምንት ቁጭ ብዬ አየሁ። በሦስተኛው ሳምንት ጸሐፊዋ የብድር ደብተሯን ገፋ አድርጋ «እስቲ ይሄን በዚያ ኮምፒውተርህ አሳየኝ» አለችኝ።